ፊደሉ ሲዘበራረቅ፦ የቃል ጨዋታ በፊደል፣ በቁቤና በብሬይል

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የንግግሬ ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ «ዶክተር ወደ መዝናኛ ገጽ ተዛወሩ እንዴ?» እያሉ የቀለዱብኝ አልጠፉም። ቀልዱን ተቀብዬዋለሁ። ይሁን እንጂ የማነሣው ጉዳይ የሚጀምረው ከቀልድ ሳይሆን እኔው ራሴ ከሠራሁት ስሕተት ነው።

ባለፈው ዓመት ለተማሪዎች የግድግዳ ጋዜጣ የቃል ጨዋታ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ነበር። ጨዋታውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የአንድ ቃል ፊደላት ከየቦታቸው ተዘበራርቀው ይቀርባሉ፤ አንባቢው አቃንቶ ቃሉን ያገኛል። እኔም ከጥያቄዎቹ አንዱን «ሰ፣ ለ፣ በ» ብዬ ጻፍሁ። በልቤ የያዝሁት መልስ «ለበሰ» ነበር። ከሱሉልታ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ተማሪ «በሰለ» ብሎ መለሰ፤ በቀይ እስክርቢቶ ሰረዝሁበት። በማግሥቱ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ በትሕትና «መምህር፣ በሰለ ቃል አይደለም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። የምመልስለት አልነበረኝም። ተማሪው ከወጣ በኋላ ወረቀቱን እንደገና ሳየው ይባስ ብሎ እኔ «ዘበራርቄዋለሁ» ያልሁት ራሱ «ሰለበ» የሚል ሙሉ ቃል ሆኖ ቆሞ አገኘሁት።

ሦስት የተለያዩ ፊደላት በስድስት መንገድ ይደረደራሉ። ከስድስቱ ሦስቱ የታወቁ የአማርኛ ግሶች ከሆኑ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የአዘጋጁን ልብ መገመት ይሆናል። እንዲህ የሆነው በአጋጣሚ ነው ብዬ ለመጽናናት ሞከርሁ። ነገር ግን ፊደላቱን ከግዕዝ ወደ ሳድስ አውርጄ «ል፣ ብ፣ ስ» ብዬ ስደረድራቸው «ልብስ»፣ «ብስል» እና «ስልብ» መጡ። እንደገና ሦስት። እንግዲያው ነገሩ አጋጣሚ አይደለም፤ ከቋንቋው አሠራር የመጣ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፦ የተዘበራረቀ ቃል ቀላል ወይም ከባድ የሚሆነው በቃሉ ብቻ ሳይሆን ቃሉ በተጻፈበት ሥርዓተ ጽሕፈት ነው፤ ስለዚህም በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ የሰጠናቸው ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አልተሰጣቸውም ይሆናል።

ጨዋታው በዓለም ጋዜጦች ዘንድ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1913 አርተር ዊን በ«ኒው ዮርክ ወርልድ» ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያውን ዘመናዊ መስቀለኛ ቃላት ካሳተመ ወዲህ የጋዜጣ አዘጋጆች ለአንባቢ እንቆቅልሽ መስጠት ገበያ እንደሚያመጣ ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ማርቲን ናይደል የተባለ አሜሪካዊ ፊደላቸው የተዘበራረቁ ቃላትን የያዘ ዕለታዊ ጨዋታ ጀመረ፤ «ጀምብል» በሚል ስም እስከ ዛሬ ይታተማል። የዚያ ጨዋታ ቃላት አምስትና ስድስት ፊደል ያላቸው ናቸው። ስድስት የተለያዩ የላቲን ፊደላት 720 ዓይነት አደራደር አላቸው፤ ከእነዚህ መካከል ትርጉም የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። የአዘጋጁም ትልቁ ሥራ ያ «አንድ ብቻ» መሆኑን ማረጋገጥ ነው። እኔ ያላደረግሁት ይህን ነበር።

ወደ እኛው ጋዜጣ ልመለስ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በነበርሁበት ዘመን፣ በተለይም በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ወጥቶ የግል ጋዜጦች እንደ አሸን ከፈሉ በኋላ፣ አራት ኪሎ አደባባይ አካባቢ ጋዜጣ በኪራይ ይነበብ ነበር። አንባቢው በሳንቲም ተከራይቶ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ክፍት የሥራ ቦታውንም ፖለቲካውንም አንብቦ ይመልሳል። ጋዜጣው የሚቀጥለው ተከራይ ንብረት ነውና መጻፍ ክልክል ነው። እስክርቢቶ ከኪስህ ያወጣህ እንደሆነ አከራዩ ዓይኑን ያፈጥብሃል። ስለዚህ የቃል ጨዋታውን በጭንቅላታችን ነበር የምንፈታው። ዛሬ ሳስበው ያ ክልከላ ታላቅ አስተማሪ ነበር። ወረቀት ላይ እየሞከሩ መሰረዝ ስለማይቻል ለመሞከር የማያስፈልገውን ነገር አስቀድሞ መለየት ግድ ይሆናል።

እንዴት እንደሚለይ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የተሰጠን «ች፣ ማ፣ ዎ፣ ተ፣ ሪ» ነው እንበል። አምስት ፊደላት፣ 120 አደራደር። ነገር ግን አማርኛ የሚያውቅ ሰው 120ውን አይቆጥርም። «ዎ» እና «ች» አንድ ላይ ሲታዩ የብዙ ቁጥር ምልክት ናቸው፤ ከመጨረሻ ይቀመጣሉ። የቀረው ሦስት ፊደል፣ ስድስት አደራደር ነው። ሣልሱ «ሪ» ደግሞ የድርጊቱን ባለቤት የሚያመለክት መድረሻ ነውና ከ«ዎች» በፊት ይገባል። የቀረው «ተማ» ወይስ «ማተ» የሚለው ብቻ ነው። «ተማሪዎች» አልን። ከ120 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1 ወረድን። «ኛ፣ ማ፣ ር፣ አ» ቢባልም «ኛ» መጨረሻ እንደሚቀመጥ ማንም አይሳሳትም። «ያ፣ ተ፣ ማ፣ ሚ» ቢባል ከሣልስ ፊደል ቀጥሎ የሚመጣ «ያ» መሣሪያ ወይም ቦታ የሚያመለክት መድረሻ መሆኑን ጆሯችን ያውቃል፤ «ማተሚያ» ወዲያው ይመጣል።

ልብ በሉ፤ ቦታውን የነገረን ተነባቢው ብቻ ሳይሆን ተነባቢው የያዘው አናባቢ ነው። የእኛ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት አጣብቆ ይጽፋል። ፊደላቱ ሲዘበራረቁ አናባቢው ከተነባቢው አይለይም፤ ቁልፉ ከእያንዳንዱ በር ጋር ታስሮ እንደተሰጠን ማለት ነው። በቃሉ ውስጥ ካዕቡ፣ ሣልሱ፣ ራብዑና ሳብዑ ተሰባጥረው ሲገኙ ቃሉ በቀላሉ ይቃናል። ሁሉም ግዕዝ ወይም ሁሉም ሳድስ ሲሆኑ ግን አናባቢው ምንም አይነግረንም፤ ሥሩ ብቻ ይቀራል። ሥር ብቻ ሲቀር ደግሞ አማርኛ አስቸጋሪ ነው። «ቀረበ» እና «ቀበረ»ን እዩ። «ቅርብ» እና «ብርቅ»ን እዩ። «ዳኛው ፈረደ» እና «ዳኛው ደፈረ»ን እዩ። ፊደላት ቦታ ሲለዋወጡ የሆሄ ግድፈት አይሆንም፤ ሌላ ታሪክ ይሆናል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችሁ በኢንተርኔት የዞረውን፣ የቃላቱ መካከለኛ ፊደላት ቢዘበራረቁም እንግሊዝኛ ያለ ችግር ይነበባል የሚለውን መልእክት አይታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰፊው የተሰራጨው ይህ መልእክት ጥናቱን ለኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ ነገር ግን በርእሱ ላይ አስቀድሞ የዶክትሬት ጽሑፍ የሠራው ግሬሃም ራውሊንሰን ነው፤ ያውም በኖቲንግሃም፣ እ.ኤ.አ. በ1976። ከዚያ በኋላ ሐዳስ ቬላንና ራም ፍሮስት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጽሑፍ ዕብራይስጥንም እንግሊዝኛንም በሚገባ የሚያነቡ ሰዎችን ፈተኑ። እነዚያው ሰዎች የተዘበራረቀውን እንግሊዝኛ ብዙም ሳይቸገሩ ሲያነቡ የተዘበራረቀውን ዕብራይስጥ ማንበብ ግን በእጅጉ ከበዳቸው። ምክንያቱ በሴማዊ ቋንቋ የሥሩ ተነባቢዎች ቅደም ተከተል የቃሉ ማንነት መሆኑ ነው። አማርኛም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ከዕብራይስጥ አንድ ዕድል አለው፤ አናባቢውን በፊደሉ ላይ ተሸክሞ ይዞራል። የዚህ ዕድል ተጠቃሚ የሆነው ማን እንደሆነ ያየሁት ግን ዘግይቼ ነው።

የምኖረው ቡራዩ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው የሚገኙ አካባቢዎች እንደመሆናቸው በመንገዶቻቸው ላይ ሁለት ሥርዓተ ጽሕፈት ጎን ለጎን ይነበባል። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ መጻፉ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው። ሱሉልታ የምትማረው የእህቴ ልጅ በቁቤ አንብባ፣ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ተምራ፣ ማታ ማታ በእናቷ ስልክ ሁለቱንም ትጫወታለች። አንድ ቀን «ጋሼ፣ የአማርኛው ለምን ቶሎ ያልቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሕፃን የጠየቀውን መናቅ አይገባም፤ አብረን ቆጠርን።

«ጋዜጣ» በፊደላችን ሦስት ምልክት ነው፤ ስድስት አደራደር አለው። ይኸው ቃል በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ ስምንት ፊደል ይሆናል፤ ረጃጅሞቹ አናባቢዎች በድርብ ስለሚጻፉ «ኤ» ብቻዋን አራት ጊዜ ትገባለች። ድግግሞሹን አንሥተን ስንቆጥር 1680 አደራደር አለው። 6 እና 1680! ልዩነቱ ከቋንቋው እንዳልመጣ ለማወቅ «በሪሳ» ጋዜጣን ማስታወስ ይበቃል፤ «በሪሳ» ሲጀመር አፋን ኦሮሞን በኢትዮጵያ ፊደል ያትም ነበር፤ ኋላ ወደ ቁቤ ተሻገረ። ቋንቋው ያው ሆኖ ሳለ በሁለቱ ዘመናት የሚታተም የተዘበራረቀ ቃል ሁለት ዓይነት ጨዋታ ይሆናል።

በቁቤ ሌላም ጣጣ አለ። «ዹጋ» ማለት እውነት ማለት ነው። የመጀመሪያው ድምፅ የሚጻፈው በ«ዲ» እና በ«ኤች» ጥምረት ነው። መምህሯ ጥምሩን አንድ ፊደል ነው ብላ ታስተምራለች፤ ስልኩ ግን ሁለት ፊደል አድርጎ ለያይቶ ይበትነዋል። እንደ መምህሯ ብንቆጥር 60 አደራደር፣ እንደ ስልኩ ብንቆጥር 360። የእህቴ ልጅ ስልኩን «ፊደል አያውቅም» ብላ ፈረደችበት። ፍርዱ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ሰበታ ልሂድ፤ የንግግሬ ዋና ነገርም እዚያ ነው። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ስፍራ ናት። ከዚያ ትምህርት ቤት ወጥተው በየዩኒቨርሲቲው ያስተማርናቸው፣ ዛሬም ባልደረቦቻችን የሆኑ ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የሆነ ዓይነ ሥውር ተማሪዬ ያ የግድግዳ ጋዜጣ ወደ ብሬይል እንዲገለበጥለት ጠይቆ ነበርና ተገለበጠለት። ከሳምንት በኋላ «መምህር፣ ጓደኞቼ በአንድ ደቂቃ የጨረሱትን እኔ ሌሊቱን ሙሉ አልጨረስሁትም፤ ችግሩ የእኔ ነው ወይስ የጥያቄው?» አለኝ።

የጥያቄው ነበር። በአማርኛ ብሬይል ተነባቢውና አናባቢው እንደ ኅትመቱ አልተጣበቁም፤ ለየራሳቸው ምልክት አላቸው። «ዜና» በኅትመት ሁለት ፊደል ነው፤ ሁለት አደራደር ብቻ አለው፤ ማለትም ጨዋታም አይባልም። በብሬይል ግን አራት ምልክት ነው። የገለበጠለት ሰው በቅንነት አራቱንም ምልክቶች ለያይቶ በትኗቸዋል፤ 24 አደራደር። ለዓይናማው ተማሪ ከበሩ ጋር ታስሮ የተሰጠው ቁልፍ ለእርሱ ተፈትቶ ከሌሎች ቁልፎች ጋር ተደባልቆ ተሰጠው። በዚያ ላይ ዓይን አምስት ፊደል በአንድ ጊዜ ያያል፤ ጣት ግን አንድ በአንድ ነው የሚሄደው። አራት ኪሎ ላይ እኛ በአከራይ ክልከላ ምክንያት በጭንቅላት የፈታነውን እርሱ ሁልጊዜ በጭንቅላቱ ነው የሚፈታው። ይህ የመዝናኛ ገጽ በመሆኑ ማንም ውጤት አላጣም። ነገር ግን በቋንቋ ፈተናዎቻችን ውስጥ «የተዘበራረቁትን ፊደላት አስተካክለህ ጻፍ» የሚል ጥያቄ ስናስገባ ምን እየሠራን እንደሆነ አስቡት።

መጀመሪያ የታሰበኝ መፍትሔ ምልክቶቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ መገልበጥ ነበር፤ ያም ይሠራል። የተሻለውን ያመጣው ግን ተማሪው ነው። «ለምን ሥሩን ሰጥታችሁ አናባቢውን አናገኝም?» አለ። «ጥ፣ ብ፣ ቅ» ይሰጣል፤ ቅደም ተከተሉ አይነካም። ተጫዋቹ አናባቢና ቅጥያ እየለዋወጠ የቻለውን ያህል ቃል ያወጣል፦ ጠበቀ፣ ጠባቂ፣ ጥብቅ፣ ጥበቃ፣ ጠበቃ፣ መጠበቂያ። ይህ ጨዋታ በኅትመትም በብሬይልም ክብደቱ ያው ነው። ደግሞም ከእንግሊዝኛው ከተቀዳው ይልቅ ለአማርኛ ተፈጥሮ የቀረበ ነው፤ ግእዝ ርባ ግስ የተማሩ አባቶች ቢሰሙት አዲስ ነገር አይሉትም ነበር።

ስለ ኢንተርኔቱ ጥቂት ልበል፤ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር አገኘ፤ «ለ» አንድ ቁጥር፣ «ሉ» ቀጣዩ፣ እንዲያ እያለ። ለአብዛኞቹ የፊደል ዘሮች ስምንት ስምንት ተከታታይ ቦታ ስለተመደበ ቁጥሩን ለስምንት አካፍሎ ቀሪውን ማየት ፊደሉ ግዕዝ ይሁን ሳብዕ ይነግራል። ስለዚህ ተነባቢን ከአናባቢ መለየት ለፕሮግራም ጸሓፊ የአንድ መስመር ሥራ ነው። የተዘበራረቀ ቃል የሚፈቱ ፕሮግራሞች የታወቀ ዘዴም ቀላል ነው፦ የመዝገበ ቃላቱን እያንዳንዱን ቃል ፊደላት በፊደል ተራ ደርድሮ እንደ መለያ ማስቀመጥ። «ለበሰ»፣ «በሰለ» እና «ሰለበ» ሦስቱም «ለሰበ» በሚል መለያ ሥር ይገናኛሉ። እኔ በቀይ እስክርቢቶ ከመሰረዜ በፊት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ባላፈርሁ።

ፕሮግራሙ የማያድነን ሞክሼ ፊደላት ላይ ነው። «ፀሐይ»ን ውሰዱ። «ፀ» ወይም «ጸ» ሁለት ምርጫ፤ «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ስድስት ምርጫ፤ በድምሩ 12 አጻጻፍ። አንድ የስልክ ጨዋታ «ፀሐይ» ብዬ ብጽፍለት ስሕተት ነው አለኝ፤ የሚቀበለው «ጸሀይ»ን ብቻ ነበር። ቋንቋ ሳስተምር የኖርሁ ሰው በስልክ መታረሜ አበሳጭቶኛል፤ አልዋሽም። አንዳንድ ጸሓፊዎች ለዚህ ሲሉ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ይጠቀልላሉ። ይህም ዋጋ ያስከፍላል፤ «ድኅነት» እና «ድህነት» አንድ ቃል ይሆናሉ፤ የፀሐይ መውጣት የሆነው «ሠረቀ» ከሌብነቱ «ሰረቀ» ጋር ይደባለቃል። የእኔ አቋም፣ የማይስማሙ ባልደረቦች እዚህ እንዳሉ ባውቅም፣ ይህ ነው፦ ጨዋታው ሁሉንም አጻጻፍ ይቀበል፤ መልሱን ሲያሳይ ግን በሥርወ ቃሉ መሠረት የተጻፈውን ያሳይ። ተጫዋቹ አይቀጣ፤ አይቶ ግን ይማር።

የሱሉልታው ተማሪ ነጥቡ ተመልሶለታል። የግድግዳ ጋዜጣውም ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ አንድ የሥር ጨዋታ ያወጣል፤ የብሬይሉ ቅጂ ከኅትመቱ እኩል ቀን ይወጣል፤ የሚያርመውም የሰበታው ተማሪ ነው። የተዘበራረቀውን ቃል ግን ጨርሰን አልተውነውም፤ ለዛሬው እትም «ረ፣ ቀ፣ መ» ተመርጧል። መልሱ ከአንድ በላይ ነው፤ ያገኛችሁ ከጥያቄና መልሱ በኋላ ንገሩኝ። አሁን መድረኩን ለጥያቄ ክፍት አደርጋለሁ።